ተያዥዎ አላወቁዎትም

ሶልያና የሥራ ቦታዋ በር ላይ ስትቆም ስክሪኑን አታይም። ከስክሪኑ በስተቀኝ ያለውን ግድግዳ ነው የምታየው። ግድግዳው ላይ ምንም የለም። ቀለም ከነካው ብዙ ክረምት አልፎታል፤ እሷ ግን የውድ ሥዕል ያህል ትክ ብላ ታየዋለች።

በዚያው ቅጽበት ከደሴ ማዶ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ በአንዲት ጠባብ የልብስ ስፌት ቤት ውስጥ ስልክ ይጮኻል። ወይዘሮ ሂክማ የያዘችውን ሱሪ ታስቀምጣለች። መነጽሯን ታወልቃለች፤ እፍ ትልበታለች፤ በቀሚሷ ጫፍ ትወለውለዋለች፤ መልሳ ታደርገዋለች። ከዚያ የሶልያናን ጆሮና ግማሽ ጉንጭ ታያለች። ከንፈሯ መሀል ሁልጊዜ ስፒል ነክሳለች፤ ስለዚህ መናገር ብትፈልግም አይመቻትም። ደግሞም አትፈልግም። ያሰኛትን ያህል ካየች በኋላ ከሁለቱ ቁልፎች «ናት» የሚለውን ትነካለች።

በሩ ይከፈታል። ሶልያና ግድግዳውን ተሰናብታ ትገባለች።

ከኋላዋ የሚሰለፉት ሠራተኞች ይህችን ጊዜ «የእትዬ ቅጣት» ብለው ሰይመዋታል። የሌላው ተያዥ በአንድ ትንፋሽ ሲለቅ የእሷ ታቆያታለች። ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ ይብስባታል፤ መነጽሩ ሁለት ጊዜ ይወለወላል። የቱቦ ተቆጣጣሪው ከድር ሁልጊዜ ከኋላዋ ስለሚቆም ሁልጊዜ የሚለው አያጣም። የእሱ ተያዥ መናኸሪያ አጠገብ በኪራይ የሚሠራ ሰውዬ ነው። አንድ ቀን ስልኩን ገልብጦ ይዞት እንኳን እንደለቀቀው በኩራት ያወራል። «እትዬ፣ ምናለ ተያዥ ቢቀይሩ? እኛም በጊዜ ብንገባ?» ይላታል። ሶልያና ግን የግድግዳውን ጥግ ገና አይታ አልጨረሰችም።

መጀመሪያ ቁጥር ነበር ይባላል። ሰው ሥራ ሲገባ የሚስጥር ቃሉን ይጽፋል፤ ስልኩ ላይ ስድስት አሃዝ ትመጣለታለች፤ ሳትጠፋበት ይጽፋታል፤ በቃ። የሶልያና እናት ባንክ ስትሠራ እንዲያ ነበር። ኋላ ቁጥሯ ተሰረቀች። የጣት አሻራ መጣ፤ እሱም ተሰረቀ። ፊት መጣ፤ ፊት ከሁሉም ቀሎ ተሰረቀ። ድምፅ፣ የዓይን ብሌን፣ አረማመድ፣ ሁሉም በየተራ መጥተው በየተራ ገበያ ላይ ዋሉ። አንድ ሰሞንማ ሰው የራሱን ሳቅ በቅናሽ ሲሸጥ ያገኝ ነበር። መጨረሻ ላይ ለአገሩ የቀረው አያቶቹ ያውቁት የነበረው ነገር ሆነ። ንብረት ክፍል ሊቀጠር የሚፈልግ ሰው «ተያዥ አምጣ» ይባል አልነበር? አሁን ሁሉም ሰው ተባለ። በየጠዋቱ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተቀየረ፤ ማንም ግን እንደ ለውጥ አያየውም። ባልና ሚስት ሲፋቱ ፍርድ ቤቱ ከቤቱ አስቀድሞ ተያዥነቱን ያካፍላል። ለቅሶ ቤት ሰዉ ጎንበስ ብሎ «እሷ ማንን ትይዝ ነበር?» ይባባላል። ተያዥ የሞተበት ሠራተኛ የሐዘን ፈቃድ ይሰጠዋል፤ ፈቃዱ የሚያልቀው የሚያውቀው ሌላ ሰው ሲያገኝ ነው፤ ሳያገኙ ጡረታ የወጡ አሉ። መናኸሪያው ጋ ጡረተኞች የፕላስቲክ ወንበር ደርድረው፣ ከፊታቸው ስልክ ደርድረው፣ «ነው፣ ናት፣ ነው፣ ነው» እያሉ እስከ ረፋድ ይጫናሉ። ለከድር ዓይነቱ ሥራ ይህ ይበቃል። የግድቡን በር ለሚከፍት ሰው ግን ኪራይ አይፈቀድም። የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

ሂክማ ሶልያናን ታውቃለች። ከጡረታዋ በፊት በዚያው የውሃ ማዕከል፣ በዚያው የመቆጣጠሪያ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ አርጅተዋል። ያኔ ስማቸው የዘመን ስም ነበር። አሁን ሶልያና፣ ሂክማ፣ ሃሴት ሲባል ሰው የሚታየው ነጠላ የደረበች አሮጊት ናት፤ የሕፃናት ማቆያው በደምሴና በወርቅነሽ ተሞልቷል፤ የማዕከሉ ወጣት ኃላፊም አቶ ጣሰው ይባላል። ሁለቱ ሴቶች አንዳቸው ለሌላቸው ተያዥ ነበሩ። የምሳ ዕቃቸው እንኳን ተቀላቅሎ የማን ክዳን የማን እንደሆነ ጠፍቶ ነበር።

የተጣሉት የሂክማ እናት የሞቱ ጊዜ ነው። ክረምት ነበር፤ ግድቡ ጢም ብሎ ነበር፤ በሩ ላይ ተረኛዋ ሶልያና ነበረች። ጥላ ብትወጣ ታች ያለው ሰፈር በጎርፍ ያልቃል። መሥሪያ ቤቱ ታዲያ ለሠራተኛው ያስባል። ተረኛ ሆኖ ለቅሶ መድረስ ላልቻለ ሰው እንደ ሰው የሚራመድና የሚናገር ምስሉን ይልክለታል፤ ጥቅማጥቅም ነው። የሶልያና ምስል ሂክማ ቤት ገባች፤ ከለቀስተኛው መሀል ቦታ ይዛ ተቀመጠች፤ አለቀሰች። ያየ ሁሉ እንደመሰከረው፣ ከሟቿ ልጆች የበለጠ አለቀሰች። ሶልያና ይህን የሰማችው ከተረኛነቷ ስትወጣ ነው። አብራ የሰማችው ደግሞ ሂክማ በሰው ፊት «ሥዕል ላከችብኝ» ማለቷን ነው። ሄዳ «እኔ አልላክሁም» ብላ ማስረዳት ልመና መሰላት። ቀረች። መቅረቷ ሰነበተ፤ ሰንብቶ ዓመታት ሆነ።

ሂክማ ግን ተያዥነቷን አላወረደችም። ለማውረድ ከሦስት ምክንያት አንዱን መምረጥ ያስፈልጋል፤ «ሞታለች»፣ «ታምሜያለሁ»፣ «አላውቃትም»። ሂክማ ብዙ ጥፋት ሊኖርባት ይችላል፤ ውሸታም ግን አይደለችም። ሶልያናም ሌላ ተያዥ አልፈለገችም። እንዲያ ማድረግ ለሂክማ «አሸነፍሽኝ» ብሎ የመላክ ያህል ነው። ስለዚህ በየጠዋቱ አንዷ ግድግዳ፣ አንዷ ጆሮ እያየች ኖሩ።

በዚህ በበጋ ታዲያ የቅሬው ዳኛ ጋሽ ናሆም ተነሱ። ሶልያና ቤት ቀይራ ሮቢት ብትገባም ከቧንቧ ውሃው የቀብር ማኅበር፣ ከቅሬው፣ አልወጣችም ነበርና ጉዳዩ ይመለከታቸዋል። ቅሬው ሬሳ መሸከም እንጂ ጥል መሸከም ሰልችቶታል አሏት። አንዳችሁ ብትሞቱ ሌላችሁ ድንኳን ውስጥ የት ልትቀመጡ ነው ብለው ጠየቁ። ሶልያና ብዙ ካንገራገረች በኋላ አንድ ቃል ሰጠቻቸው። ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ ስትቆም ፊቷን ወደ ስክሪኑ አዙራ «እንዴት አደርሽ» ትላለች። ከዚያ በላይ እንዳይጠይቋት። ጋሽ ናሆም ቃሏን ይዘው ሂክማ ዘንድ ሄዱ። ሂክማ ስፒሏን እንደነከሰች ሰማቻቸው። ራሷን ትነቅንቅ፣ ክር ትበጥስ፣ አልለየላቸውም። «ሰምታለች» ብለው ተመለሱ።

ሰኞ ጠዋት ሶልያና ከሮቢት ወደ ግድቡ በምትወርደው የገመድ ታክሲ ውስጥ ተቀምጣ ቃሉን ትለማመድ ነበር። ከታች ጉም ብቻ ነው። «እንዴት አደርሽ» አለች በለሆሳስ፤ ለዘብ ያለ መሰላት። «እንደምን አደርሽ» አለች፤ ይኼ ደግሞ የሹም ሆነባት። አጠገቧ የተቀመጡት ሽማግሌ «ተመስገን፣ እርስዎስ?» አሉ። ለእሳቸውም መመለስ ግድ ሆነባት።

ስልኳ የተንቀጠቀጠው ያኔ ነው።

«እንኳን ደህና ገቡ፣ ወይዘሮ ሶልያና። የመጀመሪያው ማረጋገጫ ተሳክቷል። ተያዥዎ እየተጠየቁ ነው።»

ሶልያና በመስኮቱ ወዲያ ወዲህ ብላ አየች። አሁንም ገመድ ላይ ናት። በሩ ገና ከጉሙ በታች ነው። እሷ እዚህ ተንጠልጥላ ሳለ ሌላ ሶልያና በሩ ላይ ቆማለች ማለት ነው።

ለምን እንደተላከች አላጣችውም። በበጋ ውሃ ከወርቅ ይበልጣል። አምና በሌላ ከተማ እንዲሁ በር ከፋቹ አልጋው ላይ ተኝቶ ሳለ ሥራ ገባ፤ እስኪነቃ ድረስ የከተማው ውሃ ማንም ባለቤቱን ወደማያውቀው እርሻ ወርዶ አልቆ ነበር። ኋላ ሰውዬው ንጹሕ መሆኑ ተረጋገጠ፤ በሬዲዮም ተነገረ። ሰፈሩ ግን እስከ ዛሬ «ውሃ የሸጠው» ይለዋል፤ ልጁንም «የዚያ ውሃ የሸጠው ልጅ» ይለዋል። ደሴ ውስጥ የቀረው ውሃ በጭንቅ ለክረምቱ የሚያደርስ ነው። በዚያ ውሃና በዚያች ሌላ ሶልያና መሀል ያለችው ሂክማ ብቻ ናት። ሂክማ ደግሞ ዛሬ ሰላምታ ትጠብቃለች።

 የሌባ ምስል ጨዋ ነው፤ ሁሉም ያውቀዋል። ሳይጠየቅ ሰላም ይላል፤ ፈገግ ይላል፤ የቤተሰቡን ደህንነት ይጠይቃል። በሌላ ቀን ቢሆን ይህ ጨዋነት ያጋልጣት ነበር። ዛሬ ግን ጋሽ ናሆም መንገዱን ጠርገው ጠብቀውላታል።

ወደ ማዕከሉ ደወለች። ጥሩ ድምፅ ያለው መሣሪያ አነሳ። «ማንነትዎን ለማረጋገጥ ተያዥዎን እየጠየቅን ነው» አላት፤ ቀጥሎም «ተያዥዎ ሌላ ሰው እያረጋገጡ ስለሆነ እባክዎ ይጠብቁ» አለ። ሙዚቃም አሰማት።

የሂክማን ስም አወጣች። ስሙ እዚያው ነው፤ ተነክቶ አያውቅም። አውራ ጣቷን ላዩ ላይ አሳረፈች። ከዚያ ራሷን በሂክማ ወንበር ላይ አስቀምጣ አየችው። በአንድ በኩል በሩ ላይ የቆመች፣ የሥራ ልብሷን የለበሰች፣ የገባችውን ቃል የምትፈጽም ሶልያና አለች። በሌላ በኩል ከስንት ዓመት በኋላ ስልክ ደውላ፣ ትንፋሿ ተቆራርጦ፣ «ሂክማዬ፣ እኔ ነኝ፣ እባክሽ» የምትል ሶልያና አለች። ሶልያና ደዋይዋን አላመነቻትም። እንዲህ የምትለማመጥ ሶልያና አይታ አታውቅም።

ጣቷን አነሳች። ስልኩን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች፤ እጆቿን ላዩ ላይ አጣጠፈች። የምታውቀኝ ከሆነ ታውቀኛለች፤ የማታውቀኝ ከሆነ ያን ሁሉ ዓመት ያየችው የማንን ጆሮ ነው? ብላ ጉሙን ታይ ጀመር። ግድግዳ ስላልነበረ።

መነጽር እየተወለወለ መሆን አለበት። ሽማግሌው «አመመዎት እንዴ?» አሏት። አላመመኝም አለች። ገመዱ አንድ ምሰሶ አለፈ፤ ሌላ ምሰሶ አለፈ።

ስልኩ ተንቀጠቀጠ።

«ተያዥዎ አላወቁዎትም። በሩ ተዘግቷል። ባሉበት ይቆዩ።»

በሥራ ዘመኗ ሁሉ እንዲህ ያለ መልእክት ደርሷት አያውቅም። ሰው ይህን ካነበበ ፊቱን ይሸፍናል፤ ከሰፈር የሸሸም አለ። ሶልያና ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ጀርባዋ ቀጥ አለ። ሽማግሌው በትከሻዋ በኩል አይተው ኖሮ እጃቸውን ክንዷ ላይ አሳርፈው አይዞዎት፣ በሰው ላይ የማይደርስ የለም ብለው አጽናኗት። እሷም ስታመሰግናቸው ሠርግ የተጠራች ነበር የምትመስለው።

ግድቡ እንደደረሰች ጥበቃዎቹ ወደ አንዲት ትንሽ ክፍል አስገቧት። ሕጉ እንዲያ ነው። አቶ ጣሰው ክራቫቱን እያስተካከለ መጣ፤ የሐሰቷ ምስል ከየት እንደገባች ባለሙያዎቹ ደርሰውበታል፤ ግን የእርስዎንም ማንነት እንደገና ማረጋገጥ አለብን አላት፤ ይቅርታም ጠየቀ። የማረጋገጫው መንገድ ያው አንድ ነው። ስክሪን አመጡ። ሶልያና በክፍሉ ውስጥ ደህና ግድግዳ መርጣ እሱን ታይ ጀመር። ማዶ መነጽር ተወለወለ። ጣሰው ላብ ላብ አለው። ሂክማ ጆሮዋን እስክትጠግብ አይታ «ናት» ላይ ተጫነች።

ጣሰው ተነፈሰ። ከዚያ ለምርመራው ስለሚያስፈልግ ሂክማን እዚያው መስመር ላይ እያለች ጠየቃት። ያቺኛዋን በምን ለዩዋት? ፊቷ ያው፣ ድምጿ ያው፣ አረማመዷ ያው ነው። መሣሪያዎቹ ሁሉ አሳልፈዋታል።

ሂክማ ስፒሎቹን ከአፏ አንድ በአንድ አውጥታ መርፌ መሰኪያዋ ላይ ሰካቻቸው። ሶልያና ድምጿን ከሰማች ዘመን አልፎታል፤ ትንሽ ወፍሯል።

«ሰላም አለችኝ» አለች ሂክማ።

«እናቴ፣ ሰላምታው ዛሬ እንደሚሆን ጋሽ ናሆም ነግረውዎት የለም እንዴ?» አለ ጣሰው፤ ነገሩን መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ያውቅ ነበር።

«ናሆም የሰማውን ነገረኝ። ጥሩ ሰው ነው፤ ሶልያናን ግን አያውቃትም። እሷ የተጣላችውን ሰው ሥራ ስትገባ በመንገዷ፣ በስልክ፣ ሰላም ብላ የምታልፍ አይደለችም። የምትታረቅ ለት በእግሯ ነው የምትመጣው። ያቺ ጥርሷን አሳይታ ‹እንዴት አደርሽልኝ እህቴ› አለችኝ። ዘጋሁባት።»

ሶልያና ዓይኗን ከግድግዳው አላነሳችም። ግድግዳው ግን ደብዘዝ አለባት። ያ ሰላምታ ጠዋት ሙሉ በእሷም አፍ ውስጥ ነበር። ሌባው ዛሬ እንቅልፍ ጥሎት ቢሆን ኖሮ በሩ ላይ ቆማ፣ ፊቷን አዙራ፣ እንዲያው በመንገዷ፣ በስልክ፣ ትለው ነበር። ሂክማም ያችኑ የመዝጊያ ቁልፍ ትጫንባት ነበር።

ይህን ለማንም አልተናገረችም። ለምርመራውም አላስመዘገበችም። በዚህ ከተማ ውስጥ እሷን ከራሷ አስበልጣ የምታውቅ፣ ከዚያ ዝቅ ብላ ብትመጣ በር የምትዘጋባት አንዲት ሴት አለች። ይህን የመሰለ ነገር ያለው ሰው ደረቱን ቢነፋ ማን ይፈርድበታል?

ጣሰው ከስክሪኑ ጋር ሲሰነባበት ትንሽ ተቁነጠነጠ። ከላይ ያሉት ሰዎች በጣም ረክተዋል አላት ሶልያናን። ጥሉ እንደ ሦስተኛ ማረጋገጫ ሊታይ ይችላል የሚል ሐሳብም ቀርቧል። ስለዚህ፣ ግዴታ ባይሆንም፣ እርቁን ቢያንስ እስከ ክረምት ቢያስተላልፉት፤ ማበረታቻም ይታሰባል።

«አቶ ጣሰው» አለች ሶልያና ብድግ ብላ፣ «ጥሉ የእኔና የሂክማ ነው። የመሥሪያ ቤት ንብረት አይደለም።»

ወደ ሥራዋ ገባች። የውሃውን ልክ አየች፤ እንዳደረ ነው። ተረኛነቷን ስትጨርስ የገመድ ታክሲውን አልፋው ሄደች። ከግድቡ ቧንቧ ውሃ ድረስ ዳገቱ ለወጣትም አይመከርም። ሁለት ጊዜ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አረፈች፤ ሰው ሲያልፍ ጫማዋን የምታስተካክል መሰለች።

ሂክማ ከደጅ ስታያት አልተነሳችም። ሱሪ እያሳጠረች ነበር። ሶልያና የደንበኛ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ትንፋሿ እስኪመለስ ሁለቱም ጠበቁ።

«ስለ እናትሽ ነው የመጣሁት» አለች ሶልያና። «አላህ ይዘንላቸው። አንቺንም ያጽናሽ።»

«አሚን።» ሂክማ ክር በጠሰች። «ያቺ የመጣችብኝ አለቀሰች።»

«ሰምቻለሁ።»

«እንባዋ አገጯ ድረስ ወረደ። ኋላ ሳስበው ያንቺ እንዳልሆነች ያወቅሁት በዚያ ነው። አንቺን እኮ ሽንኩርት እንኳን አያስለቅስሽም።»

«እኔ አልላክኋትም።»

«አውቃለሁ አልኩሽ እኮ።»

«ካወቅሽ ታዲያ ይኼን ሁሉ ዓመት ምን ሆነሽ ነው?»

«አንቺን እየጠበቅሁ ነዋ» አለች ሂክማ። «ምን መሰለሽ?»

 ሂክማ የሱሪውን ሁለተኛ እግር ወረወረችላት። ሶልያና ተቀብላ የድሮውን ስፌት ትፈታ ጀመር፤ እጇ ድሮ ከሂክማ የተማረውን አልረሳውም። ውጭ ልጆች ወርቅነሽ የምትባል እየተጣሩ ይሯሯጣሉ። ሶልያና ስፌቱን ፈትታ ስትጨርስ ተነሳች። ስትወጣ ሂክማ ከተቀመጠችበት ሆና ጠራቻት።

«ሶልያና፣ ነገ በሩ ላይ አንዲት ቃል ብትተነፍሺ አልከፍትልሽም።»

«ማን ሊያናግርሽ» አለች ሶልያና።

በማግስቱ ካፊያ ነበር። ሶልያና በሩ ላይ ቆማ ግድግዳዋን አየች። ማዶ መነጽር ወለቀ፤ እፍ ተባለበት፤ ተወለወለ፤ ተደረገ፤ እንደገና ወለቀ። ሂክማ እንዲህ አቆይታት አታውቅም። ሰልፉ ተንጫጫ። ከድር ኮፍያውን አንገቱ ላይ እየሳበ ቀረብ አላት።

«አልታረቃችሁም ማለት ነው እትዬ?» አላት። «የእኔው ሰውዬ እኮ ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ ነው የሚለቀኝ።»

ሶልያና ዓይኗን ከግድግዳው ሳታነሳ፣ ካፊያው በጉንጯ እየወረደ፣ ቀጥ ብላ እንደቆመች መለሰችለት።

«አያውቅህማ።»